የሌለ ጎራዴ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም። ሌላውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ጾም መግደፌን፣ ባሌን መዋሸቴን፣ እናቴ በተቀበረች በሳምንቱ ከእህቴ ጋር በቀሚሷ መጣላቴን። እዚህ ላይ ስደርስ ግን አልፈዋለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ለባሌም አልነገርኩትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ድፍረት አይምሰላችሁ፤ ይኸም ፍርሃት ነው።

እኔ ሰው ክጃለሁ። ናስር የሚባል የልጅነት ጓደኛዬን፣ በስልክ ድምፄን እየሰማ፣ «አላውቀውም» ብያለሁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቃል በፊትና በኋላ የሆነ ነው።

አሶሳ ውስጥ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ወንድሜ የከፈተው ጌም ቤት ነበር። ወንድሜ ለትምህርት ሲሄድ ቤቱን እኔ ያዝኩት። አባቴ ሴት ልጅ ጌም ቤት መዋሏ አይጥመውም ነበር፤ ቢሆንም የሚሠራ ሌላ ሰው አልነበረንምና ተወኝ። የሚመጡት ተማሪዎች ናቸው፤ የሚጫወቱትም ኳስ ነው። ጥግ ላይ ግን ማንም የማይነካው አንድ አሮጌ ማሽን ነበር። እሱ የእኔና የናስር ነበር።

ናስር የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተምረናል። እኛ በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጣን ቤተሰቦች ነን፤ የእነሱ ቤት ግን ከእኛ በፊትም እዚያው ነበር። እናቱን እማማ ሐዋ እላቸዋለሁ። ማንጎ ሲደርስ በትልቅ ሳህን ሞልተው ይልኩልናል፤ እናቴም በሕይወት ሳለች ሳህኑን ባዶውን መልሳ አታውቅም። አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ በትልቅነታቸው ስለሆነ እኔን ሁልጊዜ «አንተ» ነው የሚሉኝ። «አንተ ቆንጆ ልጅ ነው» ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ «አንተ» ሲሉኝ ለምን እንደምሸማቀቅ በኋላ ትረዱኛላችሁ።

ጌሙ በጥንት ዘመን፣ በአንድ ሩቅ አገር የሚካሄድ የጎራዴ ጦርነት ነው። ጦረኛው በሌሊት አጥር እየዘለለ ምሽጎችን ያስለቅቃል። መሣሪያው ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዳንዱን ትገዛዋለህ፣ አንዳንዱን ከሬሳ ላይ ታነሳዋለህ። አንድ ጥቁር ጎራዴ ግን አይገዛም፣ ወድቆም አይገኝም። ምሽጎቹን በሙሉ፣ አንድ ዘብ እንኳ ሳያየው ለያዘ ሰው ብቻ የሚሰጥ ሽልማት ነው። ከዘቦቹ አንዱ ካየህ ያን ምሽግ እንደ አዲስ ትጀምራለህ። እኔና ናስር ለዚያ ጎራዴ ስንት ወራት እንደለፋን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። እሱ ትዕግሥተኛ ስለነበር ሾልኮ መግባቱ የእሱ ሥራ ነበር። እኔ ከጀርባው ቆሜ «ዝቅ በል፣ ቆይ፣ አሁን ሂድ» እለዋለሁ። ከዚህ የተነሳ «አዛዥ» ይለኝ ጀመር። ስልኩ ውስጥም የመዘገበኝ በዚሁ ስም ነበር። ያኔ ያስቀን ነበር።

አንድ ምሽግ ብቻ ሲቀረን ናስር ጉባ፣ ግድቡ ላይ ሥራ አገኘ። የብየዳ ረዳት ሆኖ ነው የተቀጠረው። ከመሄዱ በፊት የመጨረሻዋን ምሽግ እሱ ለእረፍት እስኪመጣ እንደማልነካት ቃል አስገባኝ። ቃል ገባሁ።

ቃሌን አፈረስኩ። ናስር ለእረፍት በሚመጣበት ዕለት ነው፤ ያውም ሳይደርስ። ከቀትር በፊት ከባድ ዝናብ ጣለና ደንበኛ ጠፋ። ማሽኑን የከፈትኩት ለማየት ብቻ ነው ብዬ ነበር። አጥሩን ዘለልኩ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ዘቦቹን ከኋላቸው አንድ በአንድ እየጣልኩ፣ አንዱም ሳያየኝ ዳር ደረስኩ፣ ጎራዴውም ተሰጠኝ። ለብቻዬ በደስታ ጮህኩ። ለሁለታችን የተባለውን ነገር ለብቻዬ ወስጄ፣ ጭራሽ ልኩራራበት ስልኬን አነሳሁ። እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦ «መሣሪያው እጃችን ገባ። ዘቦቹን አንድ በአንድ ጨረስኳቸው፣ ማንም አላየኝም። ምሽጉ የኛ ነው። ቶሎ ና።»

እባካችሁ መልሳችሁ አንብቡት። እኔ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ያ ክረምት መንገዱ የተፈራበት ክረምት ነበር። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ደህና ሰንብቱ ብሎ ነበር የሚወጣው። ጎረቤት ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀምሮ ነበር። ኬላ ላይ ተሳፋሪ ወርዶ ይፈተሻል፣ ስልክም ይከፈታል። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። አባቴ በየማታው «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለ ይመክረን ነበር። እኔ ግን ስለ ጎራዴው እንጂ ስለ መንገዱ አላሰብኩም። ይህን ለራሴ ማመካኛ አድርጌ ብዙ ዓመት ይዤዋለሁ። መልእክቱስ ይሁን፣ ስህተት ነው እንበል። ቀጥሎ ያደረግኩት ግን ስህተት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ቤቱ በተማሪ ሞላ። ስልኬ ጠራ፤ ናስር ይላል። አንስቼ «ደረስክ እንዴ?» አልኩ።

የመለሰልኝ ናስር አይደለም። የማላውቀው የወንድ ድምፅ «አዛዥ የምትባዪው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሰውየው ኬላ ላይ ሆኖ እንደሚደውል ነገረኝ። ልብ በሉ፣ ሰውየው አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ዛሬ ለመናገር ይቀለኝ ነበር። በቀስታ ነው ያናገረኝ።

«እህቴ፣ አትደንግጪ። እዚህ አንድ ልጅ ይዘናል። ስልኩ ላይ ያለው መልእክት ስለ ጌም ነው፣ የላከችልኝ ልጅ ታስረዳችሁ ይላል። የላክሽለት አንቺ ነሽ?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ፣ የጌም ጎራዴ ነው፣ መጥታችሁ እዩት። ይህን ለማለት ምን ይጠይቃል? ሰውየው በሩን ከፍቶልኝ ነበር። እኔ የታየኝ ግን የሚመጣ መኪና ነው። መሣሪያ የያዙ ሰዎች የአባቴን ቤት ሲከቡ፣ ጎረቤት በአጥር ላይ ሲያየን ታየኝ። አዛዥ የምትባለው ይቺ ናት ሲባል በጆሮዬ ሰማሁት።

«ተሳስታችኋል» አልኩ።

«ናስር የሚባል ልጅ አታውቂም?»

«አላውቅም።»

«አሁን ደረስክ ያልሽው ማንን ነው?»

«ሌላ ሰው መስሎኝ ነው።»

ከሰውየው ጀርባ የናስርን ድምፅ ሰማሁ። ስልኩ ለካ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ ነበር። «መሲ፣ ጌሙን ንገሪያቸው። ሌላ ምንም አትበይ፣ ጌሙን ብቻ ንገሪያቸው» አለ። አልጮኸም። ያቺ ጌሙ ላይ ዘብ ሲያየን «ግድ የለም፣ እንደገና እንጀምራለን» የሚልባት ድምፁ ነበረች።

«አላውቀውም» አልኩ። ስልኩንም ዘጋሁት።

አላውቀውም አልኩ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተቀመጥኩትን ልጅ፣ እናቱ ያበሉኝን ልጅ፣ አላውቀውም አልኩ። ያስገደደኝ አልነበረም። ደረቴ ላይ የተደገነ ነገር አልነበረም። በእኔና በእነሱ መካከል የብዙ ሰዓት መንገድ ነበር።

ሲሙን አውጥቼ ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ወደ ቤት ገባሁና ማሽኑ ፊት ቆምኩ። ጎራዴው እዚያ ውስጥ ነበር። ናስርን ሊያድነው የሚችል ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር፤ መልእክቱ ውስጥ ያለው መሣሪያ ከስክሪን እንደማይወጣ የሚመሰክር ሌላ አልነበረም። ይህን አላስተዋልኩም ብል እዋሻለሁ፤ አስተውያለሁ። ግን ለእሱ ምስክር የሆነው በእኔ ላይም ምስክር ነው። መጥተው ቢያገኙት ላኪዋ እኔ መሆኔ ይታወቃል። ጌሙን ከነሴቩ፣ የተጫወትነውን ሁሉ ከያዘው መዝገብ ጋር፣ አጠፋሁት። ማሽኑ በእርግጥ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ የሚለውን ተጫንኩ። ሁለት ተማሪዎች ኳሳቸውን እየተጫወቱ ጎል ብለው ሲጮሁ የተያዝኩ መሰለኝ።

በማግስቱ እማማ ሐዋ ከናስር አጎት ጋር መጡ። አጎቱ አልማሂ ነጋዴ ነው፤ አማርኛው እንደ እኛው ነው። ከናስር ጋር የተሳፈረ ሰው መጥቶ ነግሯቸዋል፤ ልጁ ስለ መሣሪያ በሚያወራ መልእክት ተይዟል፣ ጌም ነው ብሏል፣ አንድ ሰው ጋ ደውለው ሰውየው አላውቀውም ብሏል። የሚያወራው ተሳፋሪ ተፈትሾ ወደ አውቶቡሱ ተመልሶ ስለነበር ስልኩን ያነሳው ወንድ ይሁን ሴት አልለየም። አልማሂ እኔን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ናስር እዚህ የሚጫወተው የጎራዴ ጌም እንዳለ ያውቃል፤ ማሽኑን ተሸክሜ ወስጄ ላሳያቸው አለኝ።

«እኛ ጋ ኳስ ብቻ ነው ያለው» አልኩት።

አልማሂ ዓይኔን አየኝ። ማሽኑን ከፍቼ አሳየሁት፤ ኳስ ብቻ ነበር። እማማ ሐዋ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የተማሪዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። የምንባባለውን ፊታችን ላይ ይፈልጉ ነበር። ከዚያ እኔን በቀጥታ ጠየቁኝ።

«ናስር ስልክ ደወለ? አንተ ጋ ደወለ?»

«አልደወለም እማማ።»

«ወላሂ?»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወላሂ ማለት አልነበረብኝም። «ወላሂ» አልኳቸው። አመኑኝ። ሲወጡ ትከሻዬን ዳበስ አደረጉኝ፤ የከሳሁ መስሏቸው ብላ፣ ብላ አሉኝ።

ክረምቱ አለፈ። መስቀልም አለፈ። በእነዚያ ቀናት እኔ ምን ነበርኩ? መኪና በደጃችን ባለፈ ቁጥር ወደ ጓሮ እሸሻለሁ። ጌም ቤቱን አሞኛል ብዬ ዘጋሁት። አባቴ ስለ ፈራሁ አመሰገነኝ፤ ልጄ አስተዋይ ሆነች አለ። ማንም አልመጣብኝም። ወራቱን ሙሉ ማንም ስለ እኔ አልጠየቀም። የፈራሁት ነገር አልነበረም ማለት ነው? ወይስ ናስር ስሜን ደግሞ አልጠራም? እንዳልጠራ በኋላ ነው ያወቅሁት።

ያስፈታው የሥራ አለቃው ነው። ብየዳ ክፍል ኃላፊ የነበረ፣ ከመሀል አገር የመጣ ሰው፤ ከናስር ጋር የተዋወቁት በዚያው ዓመት ነበር። መታሰሩን ሲሰማ ከግድቡ አቅራቢያ ካለችው ከማንኩሽ ተነስቶ እስር ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ አንድ ጊዜ መልሰውት ሌላ ጊዜ ተመልሶ፣ «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» ብሎ ፈርሞ አስወጣው። ይህን አልማሂ ሲያወራ እኔም ከሰዎች መካከል ቆሜ ሰምቻለሁ። ሰዎች ሰውየውን ሲመርቁ አብሬ መርቄያለሁ።

ናስር በተመለሰ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጌም ቤት መጣ። ያን ጊዜ ከፍቼው ነበር። በሩ ላይ ሳየው ለመሮጥ አስቤ የጓሮውን በር አየሁ። ከስቷል። ግራ እጁን ከኪሱ አላወጣም፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም፣ እስከ ዛሬም አልጠየቅኩትም። ሰላም አለኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። ልጆቹ ሲጫወቱ አየ። ሥራው ላይ ሌላ ሰው እንደ ተተካበት ነገረኝ። ከዚያ ወደ ጥጉ ማሽን ሳይዞር፣

«ጎራዴው ምን ይመስላል?» አለኝ።

አላየውም እኮ። የተያዘበትን ነገር አንድ ቀን አላየውም።

«ጥቁር ነው» አልኩት። «እጀታው ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሞበታል።»

ራሱን ነቀነቀ። ላሳየው እንደማልችል የገባው ይመስለኛል። ለእናቱ «የደወልኩት ለአንድ የሥራ ካምፕ ጓደኛዬ ነው» እንዳላቸው ነገረኝ፤ እኔም እንደዚያው እንድል አሳሰበኝ። ለምን እንደሚሸፍነኝ ልጠይቀው አፌን ስከፍት እሱው ቀደመኝ።

«ሰፈሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ እናቴ ላይ የምትፈራው ሰው አልጨምርባትም» አለ።

እኔ ምን አልኩ? ይቅር በለኝ አልኩ? እግሩ ላይ ወደቅኩ? «እሺ» አልኩ። ከእፎይታ ጋር ነው እሺ ያልኩት። ይህችን እፎይታ ከክህደቴ ለይቼ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፤ ክህደቱን ፍርሃት አስደረገኝ ልል እችል ይሆናል፣ እፎይ ማለቴን ግን ያስደረገኝ እኔነቴ ነው።

ናስር ዛሬ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ በአስተርጓሚነት ይሠራል። አግብቷል፣ ወልዷል። እኔም አግብቻለሁ፣ ሴት ልጅ አለችኝ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን አልጽፍም ነበር።

ልጄ በተወለደች ሰሞን እማማ ሐዋ ሊጠይቁኝ መጡ። ቅቤና ማር ይዘው መጡ። ልጄን አቅፈው በራሳቸው ቋንቋ ሲያዜሙላት ቆዩ፤ ከዚያ ስለ ናስር አነሱ። እጁ በብርድ ጊዜ እንደሚያመው ነገሩኝ። ከዚያም ልጄን እንደታቀፉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ።

«ያ ሰው፣ ስልክ ያነሳው፣ ልጄን አላውቅም ያለው ሰው፣ እኔ በሶላት ሁልጊዜ ለአላህ እሰጣለሁ። የሱም ልጅ ስልክ ይደውል፣ ማንም አያንሳ። አንተ ጥሩ ልጅ ነው። አንተ አሚን በል።»

ልጄ በእጃቸው ላይ ነበረች። እየጠበቁኝ ነበር።

«አሜን» አልኩ።

በልጄ ላይ አሜን አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከእኔ ጋር ተጣልቷል። ልጄ ባተኮሳት ቁጥር የማስበው ስለ ወባ አይደለም፤ በቀን አምስት ጊዜ መስገጃ ላይ ተንበርክካ እኔን፣ እኔ መሆኔን ሳታውቅ፣ አሳልፋ ስለምትሰጥ አንዲት ሴት ነው። የማላውቀው ቁጥር አላነሳም። ባሌ ይስቅብኛል።

ባለፈው ዓመት ጾሬ ድረስ ሄጄ ናስርን አገኘሁት፤ ለእናትህ ልነግራቸው ነው አልኩት። «ለማን ብለሽ ነው?» አለኝ። «ለእሷ ከሆነ ተይው። ለአንቺ ከሆነ ደግሞ እኔን አታስፈቅጂኝ።» ከዚያ የሚተረጉምለት ሰው ጠርቶት ሄደ። እኔም በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ፤ ተይው ያለኝን ብቻ ይዤ። አንድ ዓመት ሙሉ በዚያች ቃል ተደብቄአለሁ። የበደልኩትን ሰው ደግነት ሦስተኛ ጊዜ ለመደበቂያ ተጠቀምኩበት።

ማንጎ ደርሷል። እማማ ሐዋ አሁን አርጅተዋል፣ ገበያ አይወጡም፤ መሲ ለምን አትመጣም እያሉ በልጅ ልጃቸው ልከውብኛል። ነገ ልሄድ ነው። ይቅርታ ልለምናቸው አይደለም፤ ያን ለመለመን ድፍረቱ የለኝም። የሚረግሙት ሰው በእጃቸው ያጎረሱት፣ ያበሉት ሰው መሆኑን እንዲያውቁ፣ ከፈለጉም ስሜን ጠርተው እንዲረግሙኝ ነው። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

እነግራቸዋለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባላችሁም። በራቸው ላይ ስደርስ «አንተ መጣህ?» ሲሉኝ ምን እንደምሆን አላውቅም። ቃሌን ያመነ ሰው ምን እንዳገኘው ነግሬያችኋለሁ።